የአሥራ አምስት ያርድ ቅጣት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሴፕቴምበር 24፣ 2024

ለምወድዎና ለማከብርዎ አክስቴ ለእትዬ ማንያህልሻል፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ ሙሉ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ቤትዎም ሰላም ሆኖ ያግኝዎ። እኔ፣ ባለቤቴ ብሩክታዊትና ልጃችን ሩፋኤል፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደህና ነን። ስልክ ጆሮዎን አልስማማ ካለ ወዲህ በወረቀት መገናኘታችን አልከፋኝም፤ በስልክ ሲሆን ግማሹ ወሬያችን «ሃሎ፣ ይሰማል?» ነበር። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ያደታ ይባላል፤ ጋራዤ ውስጥ አብሮኝ ፍሬን የሚሠራ፣ ለእህቱ ሠርግ አገር ቤት የሚመጣ ጨዋ ልጅ ነው። የዓይን ጠብታዎንና ለጣሪያው ማሳደሻ የሚሆነውን ይዟል።

ዋናው ወሬ የሩፋኤል ነው። የወንድምዎ የልጅ ልጅ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ። የከተማችን ቡድን ፕሮፌሽናል ተጫዋች መሆኑን ነግሬዎት ነበር፤ አሁን ስሙን የማያውቅ የለም።

ጨዋታውን አያውቁትምና ላስረዳዎ። ስሙ እግር ኳስ ነው፣ ኳሷን ግን በእጃቸው ይዘው ነው የሚሮጡት። አንዱ ይዞ ይሮጣል፣ ሌላው ይጥለዋል። ሩፋኤል ከሚጥሉት ወገን ነው። ከኋላ ሆኖ ሜዳውን ይጠብቃል፤ ሌሎቹን አምልጦ የመጣ እሱ ዘንድ ያበቃለታል።

ያን እሑድ ሊዮን የሚባል የተጋጣሚ ቡድን ሯጭ ኳሷን ከአየር ላይ ሊቀበል ዘለለ። ሁለት እጁ ወደ ላይ ተዘርግቷል። እግሩ መሬት ሳይነካ ሩፋኤል ከሩቅ ተንደርድሮ መጥቶ ገባበት። እኔ ጋራዥ ውስጥ የምኖር ሰው ነኝ፤ መኪና ከመኪና ሲላተም የሚወጣውን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ እሱኑ ነው ከላይኛው ወንበር ሆኜ የሰማሁት። የሊዮን ሄልሜት ተፈናጥሮ ሄደ። በጀርባው ወደቀ፤ አንድ እጁ ጣቶቹን እንደዘረጋ ወደ ላይ ቆሞ ቀረ። ስታዲየሙ በሙሉ ተነሳ። እኔም ተነስቼ አጠገቤ ያለውን የማላውቀውን ሰውዬ «ልጄ ነው፣ ልጄ ነው» እያልኩ አቀፍኩት።

ዳኛው ባንዲራ አልጣለም። እዚህ ጥፋት ሲፈጸም ዳኛው ቢጫ ጨርቅ ይጥላል፤ ጥፋቱ የሰው ራስ መምታት ከሆነ የአጥፊው ቡድን አሥራ አምስት ያርድ መሬት ይነጠቃል። ጨርቁ ካልወደቀ ጥፋት የለም ማለት ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ አሁን ሊጉ የሩፋኤልን ምት በየቴሌቪዥኑ እያሳየ «ደንቡ መጥበቅ አለበት» ይላል። ሊሰበሰቡ ነው አሉ። ሰው በጉልበቱ ሲያልፍለት ዓይን የማያርፍበት አገር የለም።

ምርቃትዎ አይለየን።
ልጅዎ ጀማነህ


ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀማነህ፣

እንዴት ሰነበትክ፤ ብሩክታዊትስ፣ ሩፋኤልስ? በእኔ በኩል ብርዱና እርጅናው ተስማምተው ይዘውኛል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ያደታ ራሱ ቤቴ ድረስ አምጥቶ አስረከበኝ። እግዜር ይስጠው፣ እህል አይንቅም፤ ሁለተኛ ሲጨመርለት እምቢ ለማለት እንኳ አልተግደረደረም።

ምቱን አይቸዋለሁ። ጎረቤቴ ሰርካዲስ ሱቋ ውስጥ ኔትወርክ ሲመጣላት በስልኳ ከፈተችልኝ። እኔ ያቺን ኳስ አላየኋትም። ያየሁት ያን የቆመ እጅ ነው።

አሁን ስለ ፍርዳችሁ ልጠይቅህ። ሰው ሲሰበር መሬት ነው እንዴ የሚቀጣው? አሥራ አምስት ያርድ ምን ያህል ነው ብዬ ሰርካዲስን ብጠይቃት ከእኔ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ነው አለችኝ። አየህ፣ የሰው ራስ የመታ እስከ ወፍጮ ቤቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያ ጨዋታው ይቀጥላል። እኔ ይህን ያህል ዘመን የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኜ እንዲህ ያለ ፍርድ ፈርጄ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ደጄ ላይ ይወግሩኝ ነበር።

ጨዋታ ነው ልትለኝ ነው። እኛም ገና ነበረን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ባላባቱም ጭሰኛውም በአንድ ሜዳ ሲቀጣቀጥ፣ ዓይን ሲጠፋ፣ ቅልጥም ሲሰበር አይቻለሁ። ግን ሲመሽ መቺው የተመታውን ቤቱ ድረስ ደግፎ ያደርሰው ነበር። እናትየው ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ማን እንደመታው ታያለች። ሩፋኤል ያን ልጅ ደግፎታል ወይ? ቪዲዮው ከዚያ በፊት ያልቃል።

ያ የወደቀው ልጅ ተነሳ ወይ? ይህን ጻፍልኝ።

አክስትህ ማንያህልሻል


ኮሎምበስ
ኖቬምበር 11፣ 2024

ለተከበሩ እትዬ ማንያህልሻል፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ፤ ብርዱ ከአጥንትዎ ይራቅልኝ። ስለ ወፍጮ ቤቱ የጻፉትን ጋራዥ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ያደታ ዘይት የነካውን ጨርቅ አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ጎሳዬ ግን አልሳቀም። ጎሳዬ ማለት ከሱዳን ካምፕ ጀምሮ የማውቀው፣ ትራክ የሚነዳ፣ የሩፋኤል የክርስትና አባት ነው። ትራኩን ባቆመ ቁጥር ወደ እኔ ይመጣና ስለ ቅጣቱ እንነታረካለን።

እሱ የሚለው እንዲህ ነው፦ ራስ የመታ ወዲያው ከሜዳ ይውጣ፤ የተመታው እስኪነሳ ድረስም አይመለስ። እኔ ደግሞ ሰው ሲሮጥ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪከፍት ያህል ጊዜ እንኳ የለውም እላለሁ። በዚያች ቅጽበት ራስ ነው ደረት ነው ብሎ የሚመርጥ ማን ነው? የሚፈራ ተጫዋች መጀመሪያ ራሱን ነው የሚሰብረው። ደግሞ የተመታው እስኪነሳ ቢባል፣ የተጋጣሚያቸው ጥሩ ተጫዋች እንዳይመለስ ብለው ቡድኖች የተመታውን የራሳቸውን ሰው ዓመት ሙሉ ያስተኙታል፤ እዚህ አገር የማይደረግ የለም። መሬቱንም አይናቁብኝ። ሰዎቹ ኳሷን ይዘው የሚላተሙት ለመሬት ነው። የእኛ አገር ሰው ለድንበር ስንት ጊዜ እንደተገዳደለ ለእርስዎ አልነግርም፣ በፊትዎ ሲከሰስ ኖሯል።

ሩፋኤል እንዲህ ያለ ጉልበት ከሰማይ አልወረደለትም። ልጅ ሳለ የጭነት መኪና ጎማ በሰንሰለት ሰቅዬ «ግባበት» እለው ነበር። መጀመሪያ የገባበት ቀን አፍንጫው ደማ፣ አለቀሰ። «ያመመህ ስለዘገየህ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልዘገየም። በቤታችን ውስጥ የምንኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እኔ ባዶ እጄን የገባሁበት አገር ልጄን ቆሞ ያጨበጭብለታል።

ስለ ጠየቁኝ ልጅ፣ ሐኪሞች ይዘውታል። እዚህ ሕክምናው የተዋጣለት ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ለሩፋኤል የምርቃት ቃል ይጻፉለት፣ እኔ አነብለታለሁ። ሰሞኑን ማታ ቤት ሲመጣ መኪናው ውስጥ ሞተሩን አጥፍቶ ይቀመጣል። እናቱ ደክሞት ነው ትላለች።

ልጅዎ ጀማነህ


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀማነህ፣

እግዜር ይጠብቅህ፤ ቤትህን ከክፉ ይሰውር። በዲቪ የምትመጣ የሰርካዲስ የእህት ልጅ ስላገኘሁ በእሷ ልኬዋለሁ።

ሐኪሞች ይዘውታል ማለት ተነሳ ማለት አይደለም። እኔ ከሳሽም ተከሳሽም ሲያድበሰብስ ስሰማ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ባታደክመኝ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። ሁለት ሰዎች በመስኖ ውኃ ተጣልተው አንደኛው የሌላውን መንጋጋ በዱላ ሰበረው። ችሎት ቀረቡ። ዱላ የመዘዘው ላይ ሕጉ የሚለውን መቀጫ ጣልንበት፤ ከፈለ፣ ደረሰኙን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና በሳቅ ወጣ። መንጋጋው የተሰበረው ሰው ከዚያ ወዲያ ሙቅ ብቻ ነበር የሚጠጣው፤ ሙቁም በአገጩ ይወርዳል። በአንድ የገበያ ቀን ያን የሰበረውን ሰው ከጠላ ቤት ሲወጣ ጠብቆ በመጥረቢያ ከትከሻው እስከ ጡቱ ሰነጠቀው። እኔ ደርሻለሁ፤ ጫማዬ ደም ገብቶበት ነበር። የሟች ወንድም ደግሞ የገዳዩን ልጅ ዒላማ አደረገ። መቀጫውን የተቀበለው መንግሥት ምንም አልሆነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ሲባል ዝም ብሎ ተረት አይደለም።

ያ ደም የቆመው ሽማግሌዎች የገዳዩን ወገን ድንጋይ አሸክመው በሟች ደጅ ሲያንበረክኩት ነው። ያኔ የሟች እናት ወጥታ የፈለገችውን ተናገረች፣ ተሳደበች፣ አንዱን በጥፊ መታች። ማንም ቀና አላለም። ከዚያ በኋላ ነው ደሙ የደረቀው። ስለዚህ እናንተ በየቴሌቪዥኑ ስለ ያርድና ስለ ቅጣት የምትከራከሩት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ይጥበቅም ይላላም፣ የልጁ እናት ደጅ የሄደ የለም።

የአገሩ ሰው አይደለችም ልትለኝ ነው። እናት ናት።

ምርቃት ያልከኝን ለሩፋኤል የምጽፍለት ከዚያ ደጅ ሲመለስ ነው። ለጣሪያው የላክኸውንም ይቺው ልጅ ትመልስልሃለች። እኔ በዚያ ምት በታደሰ ጣሪያ ሥር አልተኛም፤ ያንጠባጥብ።

ያ ልጅ ተነሳ ወይ?

ማንያህልሻል


ኮሎምበስ
ፌብሩዋሪ 17፣ 2025

ለእትዬ ማንያህልሻል፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ጽፌ ቀድጃለሁ፣ ደግሞም ጽፌ ቀድጃለሁ።

አልተነሳም። ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ በማሽን ነበር የሚተነፍሰው፤ አሁን በራሱ ይተነፍሳል፣ ይናገራል። የሌላ ከተማ ቡድን ተጫዋች ይሁን እንጂ ያደገው እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ነው፤ ወደ እናቱ ቤት መልሰውታል። ከእኔ ቤት ቅርብ ነው። የደንበኛ መኪና ሳደርስ በመንገዳቸው በኩል እንዳላልፍ እዞራለሁ።

ሌላም አለ። ጎሳዬን መታሁት።

ጋራዥ ውስጥ እንደተለመደው ስለ ቅጣቱ እንከራከር ነበር። «ጀማነህ» አለኝ፣ «አንተ ሎየር ሃየር አድርገህ ቁጭ ብለሃል። ቢያንስ እናትየዋን ኮል አድርጋት።»

«ለምን ኮል አደርጋለሁ? ሬፈሪው ፍላግ አልጣለም።»

«እሱ ፍላግ አልጣለም፤ ልጅህ ግን ሰው ጥሏል» አለኝ።

በቡጢ አገጩን አገኘሁት። ወደ ኋላ ሲሄድ ክሪኩ አደናቅፎት በጎኑ ወለሉ ላይ ወደቀ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም፤ ወድቆ ሳለ ጎኑን ረገጥኩት፣ ደግሜ ረገጥኩት፣ ጎንበስ ብዬም ፊቱን መታሁት። ጥርሱ እጄ ውስጥ ገብቶ ቆዳዬን ቀደደው። ያደታ በማጅራቴ ይዞ ባይጎትተኝ ኖሮ አልተውም ነበር፤ ይህን የምጽፍልዎ እውነቱ ስለሆነ ነው። ደስ እያለኝ ነበር የምመታው።

ሰው ደውሎ ፖሊስ መጣ። ጎሳዬ ደሙን በእጅጌው ይዞ «ስሊፕ አድርጎኝ ነው፣ ማንም አልነካኝም» አላቸው። ሁለት የፊት ጥርሱ የለም። የልጄ የክርስትና አባት ነው፣ እትዬ። ሱዳን ውስጥ ወባ ሲይዘኝ ውኃ እያጠጣ ያዳነኝ እሱ ነው።

ሩፋኤል ማታ እጄን አየና ምን ሆነህ አለኝ። ነገርኩት። ልጁ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፣ በእኛ ቋንቋ ልመልስልዎ፦ «ወድቆ ሳለ መታኸው?» አለኝ። 

የሊጉ ጉባኤ በሚያዝያ ይቀመጣል። አዲሱ ደንብ ራስ የመታውን ከሜዳ የሚያስወጣና ለብዙ ጨዋታ የሚያግድ ነው፤ ዳኛው ባንዲራ ባይጥል እንኳ በኋላ ቪዲዮ አይተው ይቀጣሉ። ሩፋኤል ቀርቦ እንዲናገር ጠርተውታል። ሎየሩ፣ ጠበቃው ማለቴ ነው፣ የሚያነበውን ጽፎለታል፤ «አላየሁትም፣ በቅጽበት የሆነ ነገር ነው» የሚል ነው። እናትየው ደጅ መሄድ ግን አይሆንም ብሏል። እግራችሁን ካነሳችሁ ጥፋተኛ ነን ብላችሁ እንደ ፈረማችሁ ነው አለ። ልጁ ሥራውንም ስሙንም ያጣል። ምን ላድርግ?

ጀማነህ


ደብረ ብርሃን
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጀማነህ፣

የሰላምታውን ነገር ትቼዋለሁ፣ ቀልቤ አልቆመልኝም።

አባትህ ቁጡ ሰው ነበር፤ የወደቀ ሰው ግን መትቶ አያውቅም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የምበላው አይጥመኝም።

ጠበቃው ሥራውን ነው የሚሠራ፣ አልፈርድበትም። የሱ ሥራ ልጅህ እንዳይቀጣ ነው። ልጅህ ግን መኪና ውስጥ ሞተር አጥፍቶ የሚቀመጠው ቅጣት ፈርቶ ይመስልሃል? እኔ ከዚህ ሆኜ የገባኝ አንተ አጠገቡ ሆነህ እንዴት ይሰወርሃል?

አስቀድመህ ጎሳዬ እግር ላይ ውደቅ። ይቅር ካለህ ሽማግሌ ሆኖ እሱ ይምራችሁ። እሱ ይቅር ሳይልህ ሌላ ሰው ደጅ አትሂድ፣ አፍህ ሞልቶ አይናገርም። ከዚያ ልጁን ይዘህ ሂድ። ወጉ እንደምታውቀው ነው። ብትመታህ ቁም፣ ብታባርርህ ተመለስና ሌላ ቀን ሂድ።

ሳትሄድ ወረቀት ላይ ጽፈህ መልስ አትስጠኝ። ሂድና ጻፍልኝ።

ማንያህልሻል


ኮሎምበስ
ሜይ 12፣ 2025

ለእናቴ ምትክ ለእትዬ ማንያህልሻል፣

ጤናዎን ከልብ እመኛለሁ። ሄደናል።

ጎሳዬ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ጫማውን ለመሳም ገና ጎንበስ ስል በትከሻዬ ያዘኝና «ተነስ፣ ጎኔን ስለረገጥክ ጎንበስ ብዬ ላነሳህ አልችልም» አለኝ። አዲሱን ጥርስ አስገብቷል፤ ሲናገር ትንሽ ያፏጫል። ይመራን ዘንድ ስለምነው እሺ አለ።

ድንጋይ ፍለጋ ግን ያሳፍራል። በዚህ ከተማ የወደቀ ድንጋይ የለም፤ ሁሉም የሰው ግቢ ነው። ዎርዝንግተን የሚባል ሰፈር፣ የአትክልት ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር ገዛሁ። ሻጩ ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ፤ ለቤተ ክርስቲያን ነው አልኩት።

አምስት ነበርን፦ ጎሳዬ፣ አንድ ቄስ፣ ያደታ፣ እኔና ሩፋኤል። ያደታ በእነሱም አገር የደም ነገር በእርቅ ነው የሚያልቀው፣ አብሬ ካልሄድኩ አለ። ሩፋኤልን ከመሄዳችን በፊት ምን እንደምናደርግ አስረዳሁት። አልተከራከረኝም፤ ትልቁን ድንጋይ እሱ አነሳ። ነጠላችንን ለብሰን፣ ድንጋዩን ማጅራታችን ላይ አድርገን፣ በሊዮን እናት ደጃፍ ሣር ላይ ተንበረከክን።

እትዬ፣ ያላሰብኩት ነገር ይህ ነው። ያ ሰፈር የጥቁሮች ሰፈር ነው። እዚህ አገር ድሮ ነጭ ካባ ለብሰው በሌሊት የጥቁሮችን ቤት የሚያቃጥሉ ነጮች ነበሩ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ድንጋይ ይዘው የአንዲት እናት ቤት ሲከቡ ጎረቤት ምን ብሎ ያያቸዋል? አልመጣልኝም። የመጣልኝ ጎረቤት የጠራው ፖሊስ ሽጉጡን አነጣጥሮ ሲጮህ ነው።

«ድሮፕ ዘ ሮክ! ድንጋዩን ጣሉ፣ ሁላችሁም!»

ቄሱ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ስገዱ የተባሉ መስሏቸው ይበልጥ ጎንበስ አሉ፤ ድንጋዩ ወደ ፊት ተንሸራተተና ሊይዙት እጃቸውን ወረወሩ። የፖሊሱ ጣት ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያደታ «ኖ ኢንግሊሽ! ኖ ኢንግሊሽ!» እያለ ጮኸ። ሩፋኤል ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ እንደያዘ ተነሳና በሽጉጡና በቄሱ መካከል ቆመ። ልጄ ሊሞት ነው አልኩ። ልነሳ አቃተኝ።

በሩ ተከፈተ። እናትየው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች ወጣች። ፖሊሱ ወደ ውስጥ ግቢ አላት። አልገባችም፤ ሩፋኤልን አይታ አወቀችው። ፖሊሱን ሽጉጥህን ዝቅ አድርግ አለችው። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች።

«ድንጋዩ ምንድነው?»

«የአባቴ አገር ሰዎች የበደሉትን ይቅርታ ሲለምኑ እንዲህ ይሸከማሉ።»

«አይተኸው ነበር?» አለችው። «እውነቱን ንገረኝ።»

ሎየሩ የጻፈለትን በቃሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ሩፋኤል ግን እንዲህ አለ፦ «አይቼዋለሁ። ዓይኑ ኳሷ ላይ እንደነበረ አይቻለሁ። በትከሻዬ ልገባበት እችል ነበር። በራሴ ገባሁበት፤ እንዲጎዳ ፈልጌ ነበር።»

በጥፊ አልነበረም የመታችው፤ በቡጢ ነው፣ አፍንጫውን። ደሙ ነጠላው ላይ ወረደ። እንደገና መታችው፤ እንደገና። ፖሊሱ ሊይዛት ሲል «ተዋት» አለው ሩፋኤል። እጁ ድንጋዩን ስለያዘ ፊቱን እንኳ አልከለለም። ያንን ልጅ ፊት ለፊት እንዲገባ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እዚያ ሣር ላይ ተንበርክኬ የእኔን ቡጢዎች ሲቀበልልኝ አየሁት። ሲደክማት እጇን በጃኬቷ ጠርጋ «አስቀምጠውና ግባ» አለችው። እሱን ብቻ ነው ያስገባችው።

የሆነውን መኪና ውስጥ ነገረኝ። ሊዮን ያን ምት አይቶት አያውቅም፤ እናቱ ደብቃው ነበር። ሩፋኤልን ሲያየው «ስልክ ይዘሃል? አሳየኝ» አለው። ክንዱ ስለማይሠራ ሩፋኤል ስልኩን ፊቱ ላይ ያዘለት። ሊዮን እስከ መጨረሻው አይቶ «ድገመው» አለ። ሩፋኤል ደገመው። «ድገመው።» ከሩፋኤል አፍንጫ የሚወርደው ደም አልጋው ላይ ይንጠባጠባል፣ ሊዮን «ድገመው» ይላል። እናትየው መጥታ ስልኩን እስክትቀማው ድረስ። ከዚያ ሊዮን «ቆንጆ ምት ነው» አለው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለውም። 

ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ ካሜራ ይይዛሉ። ሩፋኤል «እንዲጎዳ ፈልጌ ነበር» ያለው ሁሉ ተቀርጿል። በማግስቱ በየስልኩ ወጣ። ሎየሩ «ባለቀ ነገር ላይ ምንም ማድረግ አልችልም» ብሎ ተወን፤ ቡድኑም አሰናበተው። ብሩክታዊት ለብዙ ቀን አላናገረችኝም። እኔም ብዙ ሌሊት ምነው ባልሄድን ብያለሁ፤ አልዋሽዎትም።

ጉባኤው ግን ጥሪውን አልሰረዘም ነበርና ሩፋኤል ሄደ። እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። የቡድን ባለቤቶች፣ ሐኪሞች፣ የተጫዋቾች ማኅበር ሰዎች ሁሉም ተናገሩ። አንዱ አሥራ አምስት ያርዱ ይበቃል አለ፤ አንዱ ሠላሳ ይሁን፣ አንዱ ከሜዳ ይውጣ፣ አንዱ የውድድር ዘመኑን ሙሉ ይታገድ። እኔ ለወራት ጋራዥ ውስጥ የጮህኩትን ሁሉ ከረባት ካሰሩ ሰዎች አፍ ሰማሁት፣ አፈርኩም። ሩፋኤል የተጻፈለትን ወረቀት ይዞ አልቀረበም። ሰብሳቢው «ከእነዚህ ቅጣቶች የትኛው ያቆምህ ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«አንዱም» አለ። «እኔ ሮጬ ስመጣ ያርድም እገዳም አላሰብኩም።» ሰውየው ወረቀቱን ሊገለብጥ ሲል ሩፋኤል ቀጠለ፦ «ከመታሁት በኋላ ቤቱ ሄጄ እጁ ስለማይሠራ ስልኩን እንደምይዝለት ባውቅ ኖሮ ትከሻዬን አዞር ነበር።»

 ከዚያ አመሰገኑትና ወደሚቀጥለው ተናጋሪ አለፉ። ደንቡ ጸድቋል፤ ራስ የመታ ይባረራል፣ ይታገዳል። ጎሳዬ ደስ ብሎታል። ሩፋኤል ያለውን ግን የጻፈው የለም፤ እንዴት ብለውስ ይጽፉታል?

አሁን ሩፋኤል ጋራዥ አብሮኝ ይሠራል። ምርቃቱን ካሰቡለት አሁን ይጻፉለት። ወደዚያ ቤት ግን ይመላለሳል፤ ሊዮን ራሱ ነው የጠራው። የድሮ ጨዋታዎችን ያያሉ አለችኝ እናትየው፣ መኪናዋን ላሠራ ብላ ስትመጣ። ምንም አይነጋገሩም አለችኝ። ሩፋኤል አልጋው አጠገብ ቆሞ ስልኩን ይይዝለታል፤ ክንዱ ሲዝል ወደ ሌላው እጁ ያዛውረዋል።

ጀማነህ